ከአንድ አጭር ቅጂ ተነሥቶ እንግሊዝኛን መለማመድ፦ ማዳመጥ፣ ሰዋስውና ቃላት በአንድ ላይ

በአገራችን እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ፣ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው ባዮሎጂውንም ታሪኩንም ለዓመታት በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተምሯል። ይሁንና መጽሐፉን አንብቦ የሚረዳው ተማሪ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሰው ሲናገረው ሳይዘው ያልፈዋል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ ከሄደ በኋላ ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ይጎላበታል፤ የሥራ ውሉን አንብቦ የፈረመ ሰው አለቃው በስልክ ያለውን ግን ሁለት ጊዜ ያስደግማል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከስንፍና ወይም ከችሎታ ማነስ አይደለም። ሰዋስው በአንድ ደብተር፣ ቃላት በሌላ ደብተር ሲጠኑ ቆይተው፣ ማዳመጥ ግን «ፊልም እያየሁ እለምደዋለሁ» ተብሎ ለዕድል ስለሚተው ነው።

እዚህ የማቀርበው አሠራር ሦስቱን አንድ ላይ ያስኬዳል። መነሻው ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ አንድ የድምፅ ቅጂ ነው፤ ከዚያ ቅጂ ውስጥ ጆሮዎ የሳተው ነገር የትኛውን ሰዋስውና የትኞቹን ቃላት ማጥናት እንዳለብዎ ይነግርዎታል። አሠራሩ ቀላል የእንግሊዝኛ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ለሚችል ሰው የታሰበ ነው። ፊደሉንና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ቃላት ገና በመልመድ ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ከመምህር ወይም ከመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ ጋር ጥቂት ወራት ቢቆይ ይሻለዋል።

ተስማሚ ቅጂ መምረጥ

ቅጂው ሦስት ነገር ሊያሟላ ይገባል። አንደኛ አጭር መሆን አለበት፤ ረጅም ከሆነ ሁለት ደቂቃውን ብቻ ቆርጠው ይውሰዱ። ሁለተኛ፣ ሙሉ ጽሑፉ በሰው እጅ የተዘጋጀ ይሁን፤ በቪዲዮዎች ግርጌ ማሽን በራሱ የሚያወጣው ጽሑፍ እየተሳሳተ፣ እርስዎ በትክክል የሰሙትን ስሕተት ያስመስልብዎታል። ሦስተኛ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ የማያውቁት ቃል ከመቶ ከአምስት አይብለጥ። ከዚያ ካለፈ ልምምዱ ማዳመጥ መሆኑ ይቀርና ግምት ይሆናል።

ይህን የሚያሟሉ ነጻ ምንጮች አሉ። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1959 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለቋንቋ ተማሪዎች ልዩ ዝግጅት ያሰማ ነበር፤ ዝግጅቱ ወደ 1500 በሚጠጉ መሠረታዊ ቃላት ላይ ተመሥርቶ፣ ከተለመደው ንግግር በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀስ ተብሎ የሚነበብ ነበር። የብሪቲሽ ካውንስል የመማሪያ ድረ ገጽ የማዳመጥ ልምምዶችን ከኤ1 (ከጀማሪ) እስከ ሲ1 (እስከ ከፍተኛ) ባሉት የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች ከፋፍሎ ከነጽሑፋቸው ያቀርባል። የቢቢሲው የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ ደግሞ በሁለት ሰዎች ውይይት መልክ የሚቀርብ ሲሆን፣ ለመካከለኛ ተማሪ ይስማማል። ጀማሪ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ይነሣ።

ዳታ ውድ ከሆነብዎት፣ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ለሳምንት የሚበቃዎትን አንድ ቅጂና ጽሑፉን አውርደው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። ይህ አሠራር በሳምንት ከአንድ ቅጂ በላይ አይጠይቅም። ቪኤልሲን የመሰለ ነጻ ማጫወቻ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ፍጥነቱን ዝቅ ለማድረግም ያስችላል። ሆኖም ማዘግየትን የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት፤ የዘገየ ድምፅ እየሰማ የለመደ ጆሮ በተለመደው ፍጥነት ሲሰማ እንደገና ይቸገራል።

ያለ ጽሑፍ ማዳመጥ

ጽሑፉን ሳይከፍቱ ቅጂውን ሳያቋርጡ ሁለት ጊዜ ያዳምጡ። ከመጀመሪያው በኋላ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን ጥያቄዎች በአማርኛ ይመልሱ፤ ከሁለተኛው በኋላ መልሱን ያሟሉ። እዚህ ላይ በአማርኛ መመለስ ነውር የለውም፤ የምንለካው መረዳትን እንጂ መጻፍን አይደለምና።

በዚህ ደረጃ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ የጆሮ ልማድ አለ። በአማርኛ የዐረፍተ ነገሩ ጉዳይ የሚታሰረው በመጨረሻው ግስ ነው። «ትናንት ከአዳማ የመጣው የእህቴ ልጅ ፈተናውን…» ሲባል፣ አለፈ ይሁን ወደቀ ለማወቅ እስከ መጨረሻ እንጠብቃለን። እንግሊዝኛ ግን ዋናውን ግስ ከባለቤቱ ቀጥሎ ቶሎ ያወጣውና ጊዜውን፣ ቦታውንና ምክንያቱን ከኋላ ያስከትላል። እንደ ልማዳችን ትኩረታችንን ለመጨረሻው ካቆየነው ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቃላት ውስጥ አልፎን ይሄዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ጆሮዎን በየዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ይጣሉ፤ «ማን ምን አደረገ» የሚለውን ከያዙ የቀረው ቢያመልጥዎም ጉዳዩ አያመልጥዎትም።

የቃል ጽሕፈት

ከጠቅላላው አሠራር ከሁሉ በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው፤ ጊዜ ካጠረዎ ሌላውን ትተው ይህን ይሥሩ። ከቅጂው ስምንት ወይም አሥር ዐረፍተ ነገሮችን ይምረጡ። አንዱን እስከ ፍጻሜው ያዳምጡ፣ ያቁሙ፣ የሰሙትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ዐረፍተ ነገሩን መሃል ላይ አያቋርጡት፤ ሙሉውን ይዞ ማቆየት ራሱ የልምምዱ አካል ነው። እስከ አራት ጊዜ ሊደግሙት ይችላሉ። ያልሰሙትን ቦታ በሰረዝ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት፤ ከአራተኛው በኋላም ካልመጣልዎ ወደሚቀጥለው ይለፉ። እርሳስ ሳይሆን እስክሪብቶ ይጠቀሙ፤ የተሳሳቱት ነገር ሳይጠፋ መቆየት አለበትና።

ከዚያ ጽሑፉን ይክፈቱና ቃል በቃል በቀይ ያርሙ። እርማቱ ግን በዚህ አያበቃም፤ በእያንዳንዱ ስሕተት ላይ ከሦስት ምልክቶች አንዱን ያስቀምጡ። ቃሉን ከነአካቴው የማያውቁት ከሆነ «ቃ»፣ ሲጻፍ የሚያውቁት ሆኖ በድምፅ ያልለዩት ከሆነ «ድ»፣ ቃላቱን ሰምተው ቅርጹን ወይም ጊዜውን ከሳቱ «ሰ» ይበሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሦስቱ የትኛው እንደሚበዛ በግልጽ ይታያል። በመጽሐፍ የተማረ ሰው ደብተር አብዛኛውን ጊዜ «ድ» ይበዛበታል፤ እንዲህ ያለው ሰው አዲስ ቃላት መሸምደዱን ትቶ የሚያውቃቸውን ቃላት በጆሮ ማወቅ አለበት።

አንድ ዐረፍተ ነገር ቀረብ አድርገን እንመልከት። ቅጂው ላይ ተናጋሪው «ሺ ሹድ ሃቭ ቴክን ዘ ባስ» ይላል፤ አውቶብስ መያዝ ነበረባት ማለት ነው። በተለመደው ፍጥነት ግን መሃሉ ተውጦ «ሺ ሹደቭ ቴክን ዘ ባስ» ሆኖ ይሰማል፤ አንዳንዱ አሜሪካዊ ደግሞ ጭራሽ «ሹዳ» ይለዋል። ተማሪው ሰምቶ የሚጽፈው «ሺ ሹድ ቴክ ዘ ባስ» የሚለውን ነው፤ ይህ ደግሞ አውቶብስ መያዝ አለባት ማለት ይሆናል። ያለፈ ነገር ላይ የተሰነዘረ ጸጸት ወይም ወቀሳ ለወደፊት ወደሚሰጥ ምክር ተለወጠ ማለት ነው። በአማርኛ ይህን ልዩነት የሚሸከመው «ነበረባት» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሸክሙ የወደቀው መሃል ላይ በተዋጠች አንዲት ድምፅና በግሱ ቅርጽ ላይ ነው። እንግዲህ ይህ ስሕተት «ድ»ም «ሰ»ም ነው፤ ሁለቱም ይጻፍበት። መድኃኒቱም አንድ ነው። ቅጂውን መልሰው እዚያው ቦታ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይስሙት፣ ከዚያ በዚያው ቅርጽ ስለ ራስዎ ሕይወት አምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉና ልክ እንደ ተናጋሪው መሃሉን እየዋጡ ጮክ ብለው ይበሏቸው።

የ«ድ» ስሕተቶችን ማከም

እንግሊዝኛ ትናንሽ ቃላቱን ያደክማል፤ ክብደቱን የሚሰጠው ለስሞችና ለዋና ግሶች ነው። አማርኛ ቃላቱን በተቀራረበ ክብደት ስለሚናገር፣ እኛ የምንጠብቀው እያንዳንዱ ቃል በመዝገበ ቃላት እንደተጻፈው ሙሉ ሆኖ እንዲመጣ ነው። ብዙ መዘዝ የሚያመጣው «ካን» እና «ካንት» ላይ ነው። በአሜሪካ ንግግር «መምጣት እችላለሁ» ሲባል «አይ ከን ካም» ተብሎ «ካን» ይደክማል፣ ክብደቱ «ካም» ላይ ያርፋል። «መምጣት አልችልም» ሲባል ግን መጨረሻ ያለው የ«ት» ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሰማ፣ ጆሯችን ጎላ ያለ «ካን» ይሰማና «እችላለሁ» ተባለ ብሎ ይረዳል። ስለዚህ «ት»ን አይጠብቁ፤ ቃሉ ከደከመ አዎንታ፣ ከጎላ አሉታ ነው ብለው ያዳምጡ። ከቅጂዎችዎ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን እየለቀሙ ለብቻቸው መስማት ጥቅሙ ፈጥኖ ይታያል።

ሌላው የአናባቢ ርዝመት ነው። መኖር የሚለው ግስና ትቶ መሄድ የሚለው ግስ በፊደላችን ሁለቱም «ሊቭ» ተብለው ይጻፋሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው አጭርና ላላ ያለ፣ ሁለተኛው ረዘምና ጠበቅ ያለ ነው። በቃል መጨረሻ የሚከማቹ ተነባቢዎችም እንዲሁ ያስቸግራሉ። ያለፈ ጊዜ ምልክቱ ብዙ ጊዜ እንደ «ት» ስለሚሰማና ከሚቀጥለው ቃል ጋር ስለሚጣበቅ፣ «ዎርክድ አት» የሚለው «ዎርክታት» ይሆናል። ሕጉን በወረቀት ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ ጭምር እዚህ ላይ ግሱን በአሁን ጊዜ ይጽፈዋል። የእንግሊዝኛ ድምፆችን በአማርኛ ፊደል እየጻፉ ማጥናትን ግን አልመክርም፤ እዚህ የተጠቀምኩበት ለማስረዳት ብቻ ነው። ደብተርዎ ላይ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ይዘው፣ የሚጎላውን ክፍል በሥሩ ያስምሩበት፤ የሚዋጠውን በቅንፍ ይክበቡት።

የ«ሰ» ስሕተቶች

ሰዋስው ከመጽሐፍ ምዕራፍ አንድ ጀምሮ በተራ ማጥናት አያስፈልግም፤ ደብተርዎ የጠቆመውን ብቻ አውጥተው ይመልከቱ። ከአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የማይጠፉ ጥቂቶቹን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

በአማርኛ ዜና «ስብሰባው ትናንት ተካሂዷል» ማለት የተለመደ ነው። ይህንኑ ይዘን «ዘ ሚቲንግ ሃዝ ቢን ሄልድ የስተርደይ» ስንል በእንግሊዝኛ ስሕተት ይሆናል፤ ያለቀ ጊዜ በስሙ ከተጠራ ግሱ ተራ ያለፈ ጊዜ ይሆናልና «ዘ ሚቲንግ ወዝ ሄልድ የስተርደይ» መባል አለበት። ይህን በጆሮ ለማስረጽ፣ ከቅጂው ጽሑፍ ውስጥ ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እስካሁን፣ ከዚያ ጊዜ ወዲህ የሚሉትን የእንግሊዝኛ መግለጫዎች ይክበቡና እያንዳንዱን አብሮት ከመጣው ግስ ጋር በመስመር ያገናኙ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከተራው ያለፈ ጊዜ ጋር፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ከ«ሃዝ» ወይም ከ«ሃቭ» ጋር እንደሚሄዱ ደጋግመው ያያሉ።

መስተዋድድም የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ አንዲት «በ» በእንግሊዝኛ ብዙ ቦታ ትበተናለች፤ በመኪና ሲባል «ባይ»፣ በቢላዋ ሲባል «ዊዝ»፣ በሰኔ ወር ሲባል «ኢን»፣ በዕለተ ሰኞ ሲባል «ኦን»፣ በሦስት ሰዓት ሲባል «አት» ትሆናለች። ለዚህ የሚሆን አንድ ሕግ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ መስተዋድዱን ከሚከተለው ስም ጋር እንደ አንድ ቃል አድርጎ መያዝ ይሻላል። በግሶች ላይም እንዲሁ ነው። «አስረዳኝ» ስለምንል በእንግሊዝኛው «ቱ» የሚለውን እንዘላለን፤ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል ደግሞ «ዲስከስ» ከሚለው ግስ በኋላ የማያስፈልግ «አባውት» እንጨምራለን።

ሌላው፣ ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ «የመድኃኒት አለርጂ የለብዎትም?» በሚል መልክ ስትጠይቅ፣ አማርኛ ተናጋሪ «አዎ» ይላል፤ አዎ፣ የለብኝም ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በዚህ ቦታ «የስ» ያለ ሰው አለርጂ እንዳለበት ሊመዘገብ ይችላል። እንግሊዝኛው የሚመልሰው ለጠያቂው አባባል ሳይሆን ለነገሩ እውነታ ነው፤ ከሌለብዎ «ኖ፣ አይ ዶንት» ይበሉ። ሁልጊዜ «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ ብለው ሳያቆሙ አጭሩን ግስ ማስከተል ከዚህ ዓይነቱ አደጋ ይጠብቃል። አሉታዊ ጥያቄዎችን ከቅጂዎችዎ ለቅመው፣ ሰው እንዲጠይቅዎ አድርገው እየመለሱ ይለማመዱ።

የ«ቃ» ስሕተቶች

ከእያንዳንዱ ቅጂ ከስምንት በላይ አዲስ ቃል አይውሰዱ። የትኛው እንደሚበጅ ለመወሰን በብዛት የሚያገለግሉ ቃላት ዝርዝር ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ 2000 የሚሆኑ ቃላት ይዞ የወጣው አጠቃላይ ዝርዝር በ2013 ታድሶ ወደ 2800 ቃላት ይዟል፤ አዲሱ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ቃሉ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ያጥኑት፤ ከሌለና ሥራዎ ወይም ትምህርትዎ የማይፈልገው ከሆነ ይለፉት።

ቃሉን ብቻውን ከአማርኛ ፍቺ ጋር መጻፍ ግን በቂ አይሆንም። «አነሣ» የሚለውን የእኛን ግስ ይውሰዱ። ፎቶ አነሣ፣ ጥያቄ አነሣ፣ ስልክ አነሣ እንላለን፤ እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ቴክ»፣ ለሁለተኛው «ሬዝ»፣ ለሦስተኛው «አንሰር» ወይም «ፒክ አፕ» ይላል። አንድ ፍቺ ብቻ የሸመደደ ሰው ከሦስቱ ሁለቱን መሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ትንሽ የወረቀት ካርድ ያዘጋጁ፤ በካርዱ ፊት ለፊት ከቅጂው የተወሰደውን ሙሉ ሐረግ ቃሉን አጉድለው ይጻፉ፤ በጀርባው ቃሉን፣ የሚጎላውን ክፍልና የሐረጉን አማርኛ ያስፍሩ።

ካርዶቹን ከሦስት ፖስታዎች በአንዱ ያኑሯቸው፤ የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ይከለሳል። ያስታወሱት ካርድ ወደሚቀጥለው ፖስታ ይሻገራል፤ የረሱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ መርሳት የሚበረታው ከትምህርቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ የፖስታዎቹ አሠራርም ክለሳውን በዚያ ጊዜ ላይ የሚያጠብቀው ለዚህ ነው። ስልክ የሚመርጥ ሰው አንኪ የተባለውን መተግበሪያ በአንድሮይድ በነጻ ያገኛል፤ ድምፁንም ቆርጦ ካርዱ ላይ ማስገባት ስለሚያስችል ለጆሮ ሥራ ከወረቀት ይሻላል።

ቁጥርና ሰዓት

ቁጥር ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። 13 እና 30፣ 15 እና 50 የሚለዩት በመጨረሻው «ን» ብቻ ሳይሆን በክብደቱም ነው፤ 13 ሲባል ክብደቱ ወደ መጨረሻው ክፍል ያመዝናል፣ 30 ሲባል መጀመሪያው ላይ ይወድቃል። ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ የእንግሊዝኛውን ሰምቶ፣ ወደ አማርኛ ቀይሮ፣ ከዚያ መመዝገብ የሚሞክር ሰው ሲቀይር ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። የሰሙትን እንዳለ በአኃዝ ጽፈው ጥዋት ወይም ከሰዓት የሚለውን ምልክት ያክሉበት፤ ቅየራውን ንግግሩ ካለቀ በኋላ ያድርሱ። የአየር ሁኔታ ዘገባ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ማስታወቂያና የስፖርት ውጤት ለዚህ የተመቹ ናቸው።

ከተናጋሪው ጋር አብሮ መናገር

ጽሑፉን በእጅዎ ይዘው ቅጂውን ያስጀምሩና ከተናጋሪው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግየት ብለው አብረውት ይበሉ። መጀመሪያ ላይ ምላስዎ ካልተከተለ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይያዙ። በመጨረሻው ቀን ጽሑፉን ዘግተው በስልክዎ ድምፅዎን ይቅረጹና ከዋናው ጋር ያስተያዩት፤ የሚመረምሩት የአነጋገር ውበትን ሳይሆን የሚደክመውን አድክመው፣ የሚጎላውን አጉልተው እንደሆነ ነው።

የሳምንቱ አካሄድና ወደ ከፍተኛ ደረጃ መሸጋገር

በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሰኞ ማዳመጥ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የቃል ጽሕፈትና እርማት፣ ሐሙስ ሰዋስው፣ ዓርብ አብሮ መናገር፣ ቅዳሜ ቁጥርና ሰዓት ይሁን፤ ካርዶቹ ግን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸው። እሑድ ከካርዶቹ በቀር ይረፉ።

በወሩ መጨረሻ የመጀመሪያውን ሳምንት ቅጂ ጽሑፉን ሳያዩ እንደ አዲስ ይጻፉትና የቀዩን ብዛት ከድሮው ገጽ ጋር ያስተያዩ። ከዚያ በዚያው ደረጃ ካለ ሰምተውት የማያውቁት ቅጂም አሥር ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ቀዩ በአማካይ በዐረፍተ ነገር ከአንድ በታች ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ይበሉ። ካልሆነ በዚያው ይቆዩ፤ ደረጃ መዝለል የግምት ልማድን መልሶ ያመጣል። መካከለኛውን ደረጃ ካለፉ በኋላ ከተነባቢ ጽሑፍ ወጥተው ሰዎች ሳይዘጋጁ የሚያወሩባቸውን ቃለ መጠይቆች ይሞክሩ፤ ከአሜሪካኑና ከእንግሊዙ በተጨማሪ በሥራ ወይም በትምህርት የሚያገኟቸውን ሰዎች አነጋገር፣ ለምሳሌ የናይጄሪያውን፣ የኬንያውን ወይም የሕንዱን እንግሊዝኛ ያካትቱ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠራ ሰው በየዕለቱ የሚሰማው እንግሊዝኛ በአብዛኛው የሕንዶች፣ የፊሊፒኖችና የአረቦች ስለሆነ፣ ከእነዚህ ቢጀምር ጥቅሙን ቶሎ ያገኘዋል።